የቡሌው የሙቀት ሰሌዳ

ጌዴኦ ሲባል ቡናና ሙቀት ብቻ ትዝ የሚላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አንድ ክረምት ቡሌ ክረሙና ከዚያ እናውራ። ዲላ ላይ ሸሚዝ ለብሳችሁ መኪና ትሳፈራላችሁ። ዳገቱን ስታጋምሱ ኮት ያምራችኋል፤ ቡሌ ስትደርሱ ደግሞ የሹፌሩን ኮት መመኘት ትጀምራላችሁ። ጉሙ ሳይጠራ ቤት ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ሲመሽም አልሄድም ይላል። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ከዚያ በፊት የማውቀው ማውራት ብቻ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ዲላ አስተምር ነበርና በአንድ ሰኔ የመሠረተ ትምህርት አስተባባሪ ሆነህ ቡሌ ውጣ ተባልኩ። በዚያን ጊዜ ውጣ የተባለ ሰው መኪናው ስንት ሰዓት ነው ብሎ ይጠይቅ እንደሆነ እንጂ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ባለቤቴ ጽጌ አራስ ቤት ከወጣች ብዙም አልቆየችም፤ ልጃችን ሕይወትም ከመጥባትና ከማልቀስ ሌላ ሙያ አልነበራትም። አማቴ እትዬ በላይነሽ ወሬውን እንደሰሙ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው በራችን ላይ ቆሙ።

«ልጄን ከነአራስ ገላዋ ብርድ ላይ ልትጥልብኝ ነው?» አሉ።

«እትዬ፣ በዚህ በሠለጠነ ጊዜ እኮ ብርድ ችግር አይደለም። ቤት ማሞቅ ሳይንስ ነው» አልኳቸው።

ስለ ሳይንሱ የማውቀው ከሰል ማንደጃ ላይ እንደሚቀመጥ ብቻ ነበር። ግን አማቴ ፊት ስቆም አፌ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ ይሮጣል።

«ደግ። እንግዲያው ለመስቀል እመጣለሁ። የሕፃኗን እግር እይዛለሁ። ከቀዘቀዘ ልጄንም የልጅ ልጄንም ይዤ እወርዳለሁ፤ አንተ ከሳይንስህ ጋር ትከርማለህ።»

እትዬ በላይነሽ ያሉትን የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና ባላቸው አንድ ቀን ቢያመሹ በሩን አልከፍትም ብለው ነበር፤ ሲያመሹም አልከፈቱላቸውም። ስለዚህ ቡሌ የወጣሁት ከሻንጣዬ በላይ ይህን ዛቻ ተሸክሜ ነው።

የተሰጠን ቤት የመንግሥት ነው። ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፤ ጭቃውም በየቦታው ረግፎ ውስጥ ተቀምጦ መንገደኛ ሰላም ማለት ይቻላል። ጽጌ ሕፃን ባለበት ቤት ከሰል አንድደን አንተኛም ብላ አጥብቃ ከለከለች፤ እውነቷን ነው፣ ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። ጠዋት ጠዋት የሕይወትን እግር በመዳፌ እይዝና እተነፍስበታለሁ። ሰማያዊ መስሎ ሲታየኝ እፈራለሁ፤ የእትዬ ዛቻ ደግሞ ፍርሃቴን እጥፍ ያደርገዋል። ሁለቱ ጥለውኝ ሲሄዱ፣ መኪናው ጉሙ ውስጥ ሲገባ በየቀኑ ይታየኝ ነበር።

«አንተ፣ ያ ሳይንስ መቼ ነው የሚመጣው?» ትላለች ጽጌ፣ ጋቢዬን በጋቢዋ ላይ ደርባ።

መጠየቅ ነበረብኝ። ግን አገሩን ሁሉ ፊደል የማስቆጥር ሰው ጎረቤት ሄጄ «ቤት በምን ይሞቃል?» ልበል? ያን ሁሉ ኩራት የት ላድርገው? ስለዚህ ሳልታይ የምጠይቅበት መላ ዘየድኩ። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የጋራ የጥያቄና መልስ ሰሌዳ ይቁም፤ ቤት ስለ ማሞቅ የቸገረው ሰው ጥያቄውን ጽፎ ሳጥን ውስጥ ይክተት፤ እሑድ በውይይት ክበቡ ይነበብ፤ ሕዝቡ ይመልስ፤ መልሱ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ። ሐሳቡን ይዤ ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ወደ ጓድ ጂግሶ ሄድኩ። ጓድ ጂግሶ ትልቅ ሰውነትና ትልቅ ሳቅ ያለው፣ ሰው ማስከፋት የማይሆንለት የአገሩ ተወላጅ ነው።

«ጥሩ ነው መምህር» አለኝ። «ሰው ይጠይቃል፣ ሰው ይመልሳል። እኛ ለአውራጃ ሪፖርት እናደርጋለን።»

ሪፖርት የምትለዋ ቃል ትንሽ ቆንጠጥ አደረገችኝ፤ ግን አለፍኳት። ለጥያቄ ሳጥን የሚሆን የሳሙና ካርቶን ከነጋዴው ከሐጂ ሸምሱ ሱቅ አመጣን። ለሰሌዳው አንድ ሳንቃ በአሮጌ ባትሪ ድንጋይ ዱቄት አጥቁረን ግድግዳው ላይ ሰቀልን። ከላዩ «ብርድንም በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» ብዬ ጻፍኩበት። ጉሙ በመስኮት ገብቶ ሲያነበው ሳይስቅ አልቀረም።

እዚህ ላይ ስለ ሶንጎ ላጫውታችሁ። ሶንጎ ማለት የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚመክሩበት ቦታ ነው። እዚያ የተናገረ ሰው ሁሉ ለቃሉ ቦታ ያገኛል፤ የማንም ንግግር መሬት ተጥሎ አይኬድም። ጓድ ጂግሶ ቀበሌውን የሚመራው ከላይ በመጣው መመሪያ ነው፤ ስብሰባውን የሚመራው ግን በሶንጎ ወግ ነው። መጀመሪያ እጅ ይወጣል፣ ብልጫ ያገኘው ሐሳብ ያልፋል፤ ከዚያ ተናጋሪው ቅር እንዳይለው ያላለፈውም ይጨመራል። ለፍርድና ለዕርቅ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አላየሁም። ለጭስ ማውጫ ግን የሚሆን አይደለም።

የመጀመሪያው እሑድ ካርቶኑ ሲከፈት ውስጡ አንድ ወረቀት ብቻ ተገኘ። ጓድ ጂግሶ ከፍ አድርጎ «ቤት በምን ይሞቃል?» ብሎ አነበበ። ወረቀቱን አገላበጠ። «ስም የለውም» አለና ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። አዳራሹም ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ጥያቄውን በቀይ ስክሪብቶ እንደጻፍኩት ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ቡሌ ውስጥ ቀይ ስክሪብቶ የነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ የሁሉንም ደብተር ያረምኩትም በእሱው ነው።

መጀመሪያ የተነሡት ሐጂ ሸምሱ ናቸው። ሐጂ ከመሐል አገር መጥተው ሱቅም ጭነት መኪናም ያላቸው፣ ነገር ሲገባቸው ጢማቸውን የሚያሹ ነጋዴ ናቸው። «ዲላ ላይ የቡና ገለባ እንዲሁ ይጣላል» አሉ። «በርሜል ውስጥ ጠቅጥቀህ ከሥር ብትለኩሰው ቀኑን ሙሉ ይግላል ሲሉ ሰምቻለሁ። በርሜሉ ከእኔ። ገለባውንም መኪናዬ ባዶዋን ከምትመጣ ይዛ ትመጣለች።»

እጅ ወጣ፤ አለፈ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ይህን ወግ አልጽፍም ነበር። ግን አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ነፋስ ከምዕራብ ስለሚመጣ የጭሱ ቧንቧ በምሥራቅ ይውጣ አሉ። ሌላው ደግሞ በምሥራቅ በኩል የእሳቸው ቤት ስላለ በምዕራብ ይውጣ አሉ። ሦስተኛው ዝናብ ስለሚገባ ጣሪያ አይበሳ አሉ። አንዲት ሴት የግድግዳው ቀዳዳ በእንሰት ቅጠል ይጠቅጠቅ አለች። ጓድ ጂግሶ የሁሉንም ቃል አክብሮ ሰበሰበና መልሱ እንዲህ ሆነ፦ ቧንቧው ወደ ምሥራቅ ይጀምራል፣ ጣሪያውን ሳይነካ ቤቱን ይዞራል፣ በምዕራብ ይወጣል፣ ግድግዳው በእንሰት ይጠቀጠቃል። ሁሉም ደስ ብሎት አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሳይንስ መስሎኝ።

«ሠርቶ ማሳያው ጠያቂው ቤት ይሁን» አለ አንዱ ከኋላ።

«ጠያቂው አይታወቅም» አልኩ እኔ።

«አይታወቅም» አለ ጓድ ጂግሶ በአክብሮት። «ግን የመምህር ቤት ይሁን።» እጅ ሁሉ ወጣ።

ምድጃው ተሠራ። በርሜሉ ከበሩ አጠገብ ተተከለ፤ ቧንቧው ከእሱ ተነሥቶ የሕይወትን አልጋ አልፎ፣ ቁም ሳጥኑን ዞሮ፣ ከራሳችን በላይ ተንጠልጥሎ በጓዳ በኩል ይወጣል። ለቤቱ ሁሉ መንገድ የሚያሳይ ይመስል ነበር። የለኮስነው ቀን ጭሱ ሽማግሌዎቹ ያዘዙትን ያህል መንገድ ለመሄድ ፈቃደኛ አልሆነም። በበርሜሉ አፍ፣ በቧንቧው መገጣጠሚያ፣ በየጎኑ ወጣ፤ በምዕራብ ግን አንድም አልወጣም። ጽጌ ሕፃኗን ታቅፋ ዝናብ ላይ ቆመች፤ እኔ ከኋላዋ እያሳልኩ ጃንጥላ ያዝኩላት።

የማይረሳኝ የጎረቤቶቹ ጨዋነት ነው። እየመጡ ያያሉ፣ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፣ «ጥሩ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረው» ብለው ይሄዳሉ። አይሠራም የሚል ሰው አልተገኘም። ቢገኝ ያንን ሰው አቅፌ በሳምኩት ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ጽጌ ስሟን ጽፋ ጠየቀች፦ «ጭሱ በማውጫው የማይወጣው ለምንድን ነው?» ሕዝቡ መከረበት። አንዱ ቧንቧው አጠረ አለ፤ ሌላው በዛ አለ፤ ቃላቸው ሁሉ ቦታ እንዲያገኝ ቧንቧው አንዱ ጋ ተቆርጦ ሌላው ጋ ተቀጠለ። በየሳምንቱ ጥያቄ፣ በየሳምንቱ መልስ፣ በየሳምንቱ አዲስ የቧንቧ ክርን። ነሐሴ ሲጋመስ ሰሌዳው በመልስ ሞልቶ ነበር፤ ቤታችን ግን እንደ ቀድሞው ብርድ ነው፣ ጭስ ተጨመረበት እንጂ። ጽጌ ምድጃውን መለኮስ ትታ ቧንቧው ላይ የሕይወትን ጨርቅ ታሰጣበት ጀመር። እሱም አይደርቅም።

መስቀል እየቀረበ ሲሄድ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ቀን ጽጌ የሕፃኗን ልብሶች እያጣጠፈች ትለያቸው ነበር። ምን እያደረግሽ ነው ብዬ አልጠየቅኳትም፤ መልሱን ፈርቼ ነው።

በጳጉሜን አንድ ዝናባማ ምሽት እራት እየበላን ሳለ ግድግዳው ማኘክ ጀመረ። እውነቴን ነው። ከውጪ አንድ ነገር የእንሰቱን ቅጠል እየመዘዘ ይበላል። እንሰት የከብት ሲሳይ መሆኑን በዚያ ሁሉ ስብሰባ ላይ የተናገረ አልነበረም፤ እኔም ቤቴን በመኖ እንደለሰንኩት ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ጥቂት ቆይቶ በቀዳዳው አንድ እርጥብ አፍንጫ ገባ፤ ከዚያ ጭንቅላቱ፤ ከዚያ ደረቅ ጭቃ ተደርምሶ መላ ጥጃዋ እራታችን ላይ ቆመች። ቡናማ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። የጓድ ጂግሶ ጥጃ ናት።

«ዝናቡ እስኪያባራ ትታሰር» አለች ጽጌ። ቀዳዳውን በጆንያ ጋረድንና ጥጃዋን በአልጋው ግርጌ አሰርናት። ዝናቡ አላባራም። ተኛን።

ጠዋት ስነቃ ጋቢዬ መሬት ወድቋል። እንዳልታመምኩ ለማወቅ ግንባሬን ነካሁ። ተነሥቼ የሕይወትን እግር ያዝኩ፤ ሞቅ ብሏል፣ ጣቶቿም ቀልተዋል። ከዚያ ምን ያልኩ ይመስላችኋል?

«ምድጃው ሠራ» አልኩ።

«አልተለኮሰም እኮ» አለች ጽጌ ተኝታ እንዳለች።

ጽጌ ጥጃዋን ልትመልስ ጓድ ጂግሶ ቤት ሄደች። ስትመለስ ጋቢዋን በክንዷ ይዛ ነው፤ ፊቷ ላብ ወዝቷል። «ሊቀመንበሩ ቤት ስገባ ጋቢዬን አወለቅኩ» አለችኝ። «ላሟ ከአልጋው አጠገብ ናት። ሁለት በጎችም አሉ። ቤቱ የዲላን ቤት ያስንቃል። ሚስቱን ለምን በሰሌዳው ላይ አልነገራችሁንም ብላት ምን አለችኝ መሰለህ? 'ባልሽ ይቆጣል' አለችኝ።»

«እኔ?»

«አንተ። ሰውና ከብት አብሮ ማደር ኋላ ቀርነት ነው ብለህ ሥዕል ሥለህ አስተምረሃቸዋል። ላሟ ላይ በቀይ ስክሪብቶ የኤክስ ምልክት አድርገሃል።»

ትዝ አለኝ። ሥዕሉን ወድጄው ነበር፤ ላሟ በጣም ተዋጥታልኝ ነበር። ለካ ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ እሑድ፣ መልሱን ቤቱ አስሮ እየመጣ ስለ ቧንቧ ሲመክር የከረመው እኔን ላለማሳፈር ነው። እያንዳንዱ ሰው ማታ ከበጎቹ ጋር ሞቆት አድሮ ጠዋት መጥቶ ጭሴን ያደንቅልኛል። በዚያች ደቂቃ እንደ ላሟ እኔኑ ራሴን ኤክስ የሚያደርገኝ ሰው ቢኖር ስክሪብቶውን እሰጠው ነበር።

ማታ ጓድ ጂግሶ ራሱ ጥጃዋን ጎትቶ መጣ። «ጥጃው ይደር መምህር» አለኝ። «ልጁ ብርድ አይወድም።» ልጁ ያላት ሕይወትን ነው። «ግን ምድጃውን አታፍርስ። ለአውራጃ ሪፖርት ሄዷል፤ ለመስቀል ሰው ይልካሉ።»

ለመስቀል። እትዬም ለመስቀል ነው የሚመጡት። የባሰውን ላሳጥርላችሁ፤ ሁለቱም በሐጂ ሸምሱ መኪና ጋቢና አንድ ላይ ተቀምጠው መጡ። የአውራጃው ተቆጣጣሪ ቀጭን፣ ኮታቸውን እስከ አንገት የቆለፉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። እትዬ መንገዱን ሙሉ ስለ እኔ ሳይንስ ሲነግሯቸው እንደመጡ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል።

ጥጃዋን በአልጋው ግርጌ መጋረጃ ጋርደንባታል። ምድጃውን እንለኩሰው ብንል በጭስ ልንሞት ነው፤ ስለዚህ ሳይለኮስ በርሜሉን በጨርቅ አጽድተን ወለወልነው። ጓድ ጂግሶ፣ ሐጂና ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱን ሞሉት። ተቆጣጣሪው ቧንቧውን በዓይናቸው ተከትለው ቤቱን ዞሩ። በርሜሉን በመዳፋቸው ነኩ። በረዶ ነው።

«ሞቃት ነው ቤቱ» አሉ ቀስ ብለው።

«በጋራ ጥረት» አለ ጓድ ጂግሶ።

መጋረጃው ውስጥ ጥጃዋ እምቧ አለች። «ጎረቤት ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ። ጥጃዋ ጎረቤት አለመሆኗን ልታሳይ ጭንቅላቷን በመጋረጃው አውጥታ የተቆጣጣሪውን ኮት ጫፍ ላሰች። ሐጂ ጢማቸውን ማሸት ጀመሩ። እኔ ዲላን፣ ደመወዜን፣ ጽጌ ያጣጠፈችውን ልብስ አሰብኩ።

ተቆጣጣሪው ጥጃዋን አዩ፣ እኔን አዩ። «አንድ ብቻ ናት?» አሉኝ።

«አንድ ናት፣ ጓድ» አልኩ።

«አትበቃም። የእኔ አገር ደጋ ነው። እኛ ቤት ሁለት ነበር የሚታሰረው፤ አንድ ራስጌ፣ አንድ ግርጌ።» ኮታቸውን መፍታት ጀመሩ። «ሪፖርቱ ላይ ግን ምድጃው ጥሩ ነው እንላለን።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። የቀሩት እትዬ በላይነሽ ብቻ ናቸው። ማንንም ሳያዩ ወደ ሕፃኗ ሄዱ፣ ብርድ ልብሱን ገልጠው እግሯን ያዙ። ለረጅም ጊዜ አልለቀቁትም። እኔ የዚያን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

«ሞቋል» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ነጠላቸውን አውልቀው ጥጃዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። «እኔም ሞቀኝ።»

ጽጌ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ልብስ አንሥታ መልሳ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ስትዘጋው አየችኝና ሳቀች። ቢቻለኝ እዚያው ለጥጃዋ ወድቄ እሰግድላት ነበር።

ጥሩ ነበር፤ እዚህ ላይ ቢያልቅ። ግን እትዬ ለመስቀል መጡ፣ ጥቅምትን ሞቋቸው ዋሉ፣ ኅዳርንም ወደዱት። ዲላ ቤታቸው ለብቸኛ ሰው ይቀዘቅዛል አሉ። አልጋውን ከጽጌና ከሕይወት ጋር ወሰዱ፤ ጥጃዋ በእሳቸው እግር በኩል ሆነች። እኔ በርሜሉ ሥር ተነጠፈልኝ፤ በቤቱ ውስጥ ብቸኛው ብርዳም ቦታ እሱ ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ አዳራሹ ሲከፈት እትዬ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ከሥዕሌ ላይ ኤክሱን በሕዝቡ ፊት ከፋቅኩ ወዲህ ሰሌዳው እውነተኛ ሰሌዳ ሆኗል፤ የትኛው በግ እንደማያንኮራፋ፣ ፍየል ለምን እንደማትመከር፣ ሁሉ ተጽፎበታል።

አንድ እሑድ እኔም አንድ ጥያቄ ካርቶኑ ውስጥ ጣልኩ። በእርሳስ፣ በግራ እጄ፣ ፊደሎቹን አጣምሜ ጻፍኩት። ጓድ ጂግሶ አውጥቶ አነበበው፦ «ቤት በጣም የሞቀ እንደሆነ እንግዳ መቼ ይሄዳል?» ወረቀቱን አላገላበጠም። ቀጥ ብሎ እኔን አየ። አዳራሹም እኔን አየ።

እትዬ በላይነሽ ከፊት ተነሡ። «መልሱ ከእኔ ነው» አሉ። «ጥጃዋ ስታድግ።»

እጅ ወጣ። ሐጂ ሸምሱ አወጡ፣ ሽማግሌዎቹ አወጡ፣ ጽጌ የራሷንም የሕይወትንም እጅ አወጣች። እኔም አወጣሁ፤ ጥጃዋ በየቀኑ እንዴት እንደምትበላ አውቃለሁና ተስፋ ነበረኝ። መልሱን ሰሌዳው ላይ ልጽፍ ጠመኔ አንሥቼ ስሄድ ጓድ ጂግሶ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። እንደ ሁልጊዜው ማንንም ማስከፋት አልፈለገም።

«የኔም ቃል ይጨመር መምህር» አለኝ። «ላሙ ደግሞ አርግዟል።»